የፈሪው ሰይድ ግራ ኪስ

ሰይድ ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ ያልኩት «በምን?» ነው። እኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መካነ ሰላም ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ያለው። ነፍስ ይማር የሚል የለ፣ አላህ ይርሃመው የሚል የለ፣ ሁሉም «ኮረንቲ ነው አይደል?» ባይ ነው። ኮረንቲ ሠራተኛ ሲሞት ሰው በሌላ በሽታ የሚሞት አይመስለውም። ገበሬ ሁሉ በሬ ወግቶት የሚሞት ይመስል!

ወሬውን ያመጣልኝ ታደሰ ነው፣ የልጄ ባል፣ ባለወፍጮው። ከከላላ፣ ከሰይድ አገር፣ ተደውሎለት ዱቄት እንደለበሰ መጣና ደጃፌ ላይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እማማ፣ ሰይድ ዐረፈ።»

«በምን?»

«አልጋው ላይ። ሳንባው ነው አሉ፤ ቆይቶበት ነበር።»

«አልጋው ላይ? እርግጠኛ ነህ?»

«አልጋው ላይ፣ እማማ።»

«ጣቶቹ አሉ? ፀጉሩስ አልተቃጠለም?»

«ኧረ እማማ!»

ሳቄ መጣ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ «እማዬ፣ ሰው ሞተ ሲባል ይሳቃል እንዴ? ምን ነካሽ?» አለችኝ። ምን ታውቃለች! በእኔና በሰይድ መሐል ቃል አለ። አንድ ቀን «እትዬ ዘነቡ፣ እኔ አልጋዬ ላይ የሞትኩ እንደሆነ ለቅሶ ቤት ይመጡና፣ ሰው መሐል ቆመው ፈሪው ሰይድ ሞተ ብለው ይመስክሩልኝ» አለኝ። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ «እሺ፣ በማርያም» ብዬ ማልኩ። ያኔ ቀልድ ነው። ይኸው እሱ አልጋው ላይ ሞተና ቀልዱ እኔ ላይ ወደቀ። ሚስቱና ልጆቹ ፊት ቆሜ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሟቹን ፈሪ ልለው ነው። ወሎ አገር ሰውን ፈሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ተይው አትበሉኝ፣ ምያለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ላሳምረው ትለኛለች፤ እንዳልኩት ጻፊው ብያታለሁ።

ሰይድን ያወቅሁት የቤቴ መብራት በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ እያለ ሲያስቸግረኝ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያው ጆሮው ላይ የወደቀ ሰው መጣ። የግድግዳውን ማብሪያ ፈታው፣ ሽቦዎቹ እንደ ዶሮ አንጀት ተዘርግፈው ወጡ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ፊቴ ተገተረ! ትልቅ ሰው ፊት!

«እጅህን ከኪስህ አውጣ እንጂ፣ ምን ያለኸው ጥጋበኛ ነህ!» አልኩት።

«ይቆዩኝ፣ እትዬ፤ ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

በቀኝ እጁ አንዲት ካቻቢቴ ያዘ። እጀታዋ እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ውስጧ የእህል ፍሬ የምታህል መብራት አለች። መጀመሪያ ሁልጊዜ ኮረንቲ አለበት ያለውን፣ ወደ ቆጣሪው የሚገባውን ሽቦ ነካባት። በራች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምስክሬን እያስማልኩ ነው። ዲዳ ምስክር ይዤ ብሄድ፣ ሽቦው ሞቷል ብላ ታስገድለኛለች። መጀመሪያ እውነት መናገር ትችል እንደሆነ አየኋት።»

ከዚያ ካቻቢቴውን ወደ ተፈታው ማብሪያ አስጠጋና፣ ለሽቦው፣ በቁም ነገር፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለው። እህሏ በራች። «ሰሙት? መለሰ። ወዓለይኩም ሰላም አለ። ሰላምታ የሚመልስ ደግሞ ሕያው ነው፤ ሕያው አይነካም።»

አጃኢብ! እኔ በሕይወቴ ለሽቦ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አንተ፣ ሽቦው ክርስቲያን ቢሆንስ? እስቲ እንዴት አደርክ በለው!»

«እሱ ሃይማኖት አይለይም፣ እትዬ። ሁለታችንንም እኩል ነው የሚጠብሰን።»

ሄዶ ከቆጣሪው ሥር አጠፋው፤ ተመልሶ እንደገና ሰላም አለው። ዝም። ካቻቢቴዋን ወስዶ ያንን የመጀመሪያውን ሽቦ ደግሞ አስነካት፤ በራች። «ምስክሬ አሁንም አፏ አለ» አለና፣ ያኔ፣ ያኔ ነው እንግዲህ ግራ እጁን ከኪሱ ያወጣው። ሁለት እጁን አፋተገና ሥራውን ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ለመደው። ሰይድ እጁን ኪሱ ከከተተ ሕፃን እንኳ አይጠጋም። እጁ ከወጣ ሽቦው ሞቷል፣ እንኳን ሰው ዶሮ ቢሰፍርበት ችግር የለም።

ግን ሰው ሥራ ሲፈታ ምን ያወራል? ኪሱን ያወራል። አንዱ ከሼኽ የተሰጠው ክታብ አለ ይላል። ሌላዋ፣ ስሟን አልጠራም ጎረቤቴ ናት፣ የግራ እጁ ጣቶች ጎደሎ ናቸው፣ አፍሮ ነው የሚደብቃቸው አለች። እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሙሉ ናቸው። ክታቡ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለኮረንቲ የሚሆን ክታብ ካለ ለእኔም ይድረሰኝ እንጂ!

አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ምሳ አቀረብኩለት። ቀኝ እጁ ወጡ ውስጥ ነው፤ አፉ ሙሉ ነው። ሹልክ ብዬ በጎኑ መጣሁና እጄን ግራ ኪሱ ውስጥ ሰደድኩ። ያረቢ! ጉርሻው ሊያንቀው ነበር። ኪሱን ዳበስኩት፣ ዳበስኩት፤ ምን አገኘሁ? ፍርፋሪ የሽምብራ ቆሎ።

«ክታቡ የታለ?» አልኩት።

«ምን ክታብ?»

«ታዲያ ምን ልታስቀምጥበት ነው እጅህን የምትወሽቅበት?»

ሳቀ፣ ሳለ፣ ውኃ ጠጣ። ከዚያ «ልቤን» አለኝ።

ቀልዱን ነው ብዬ ልሄድ ስል ጠራኝ። «ይቀመጡ፣ ልንገርዎት። ኮረንቲ መንገደኛ ነው። መግቢያ ካገኘ መውጫ ይፈልጋል። በአንዱ እጅ ከገባ በሌላው ሊወጣ ይቸኩላል። ከእጅ እስከ እጅ መንገዱ በየት ነው?» ብሎ በቀኝ ጣቱ ከክንዱ እስከ ደረቱ፣ ከደረቱ እስከ ሌላው ክንዱ አሰመረልኝ። «በልብ ሰፈር ነው የሚያልፈው። እኔ አንዱን እጅ ኪሴ ስከተው አንዱን በር ዘጋሁበት ማለት ነው። በእግሬ አይወጣም አልልዎትም፤ ጫማዬም ለዚያ ነው ወፍራም። ኪስ አያድንም፤ እንዳልረሳ ነው። እጄ ኪሴ እስካለች፣ ገና አላረጋገጥኩም ማለት ነው።»

ደረቴን ዳበስኩት። አጃኢብ ነው! ለካ ሰው በሁለት እጁ መሐል ልቡን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሰባ ዘመን ኖሬ አስቤው አላውቅም።

«አንተ ግን በጣም ትፈራለህ» አልኩት።

«እፈራለሁ።» ሌላ ወንድ ቢሆን ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ እሱ ግን ቆሎ ስጠኝ ያልኩትን ያህል ነው ያየው። «እናቴ ናት እንዲህ ያረገችኝ። ይህን ሥራ ልጀምር ስል ምርቃት ፈልጌ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። የሌላው እናት ጀግና ያድርግህ፣ ጠላትህን ይጣልልህ ትላለች አይደል? የኔዋ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ፣ አላህ ፈሪ ያድርግህ አለች። ጓደኞቼ በሳቅ ወደቁ። እኔም አፈርኩ፣ ወላሂ። እሷ ግን አሚን በል ብላ አልለቀቀችኝም።»

«አልክ?»

«አሚን አልኩ። ይኸው ከነልቤ አለሁ።»

ስለዚያ ነው ያንን ቃል ያስገባኝ። ሰው ፈሪ እያለ ሲሰድበው፣ እሱ ስድቡን እንደ ማዕረግ ያዘው። «አልጋዬ ላይ ከሞትኩ ነው የናቴ ምርቃት የደረሰው። መስካሪ ደግሞ እንደርስዎ ምላሰኛ ነው የሚሻል» አለኝ። ምላሰኛ ያለኝን ጻፊው፣ አዎ።

አሁን ወደ ወፍጮው ልምጣ።

የገበያ ቀን ነው። የታደሰ ወፍጮ ሞተር ከጠዋት ጀምሮ እንደታመመ በሬ እያቃሰተ ቆየና ቆመ። ወዲያው ደግሞ መብራቱም ከከተማው ሁሉ ሄደ። ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ አህያው፣ ጆንያው፣ ጩኸቱ። ሰይድ ተጠራ። ታደሰ ተቻኩሏል፣ ላብ በዱቄቱ ላይ እየወረደ ይለጥፈዋል።

«ሰይዶ፣ ቶሎ በል። ደግሞ ዕድልህ ነው፣ መብራት የለም፤ የሚያስፈራህ ነገር የለም።»

ሰይድ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«መብራት የለም ትለኛለህ፤ እኔ መብራት አልጠየቅሁህም። ኮረንቲውስ?»

«እንዴ! መብራት ከሌለ ኮረንቲ ከየት ይመጣል? ሄዷል እኮ!»

ልብ በሉ፣ እኛ ሁሉንም መብራት ነው የምንለው። አምፖሉም መብራት፣ ኮረንቲውም መብራት። ጠፋ ሲባል ማን አጠፋው፣ ሄዶ ነው፣ ተቋርጦ ነው፣ የሚለይ የለም። ሰይድ በዚህ ቃል ሁልጊዜ ይናደዳል።

«ሄዷል አይደል ያልከው?» አለ። «የሄደ ነገር ይመለሳል። ኮረንቲ ማለት ቤቱን ጥሎ የሄደ ባል ማለት ነው። ሲመለስ በር አያንኳኳም።»

«የኔው ሲመለስ ያስል ነበር» አልኩ እኔ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

«ይኸኛው አያስልም፣ እትዬ። ያ ነው ክፋቱ።»

ታደሰ ትዕግሥቱ አለቀ። «አቦ፣ ፈሪ! ሴት ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንተ ተረት ታወራለህ!»

ከሰልፉም አንዷ «ወንድ ነው አሉት!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ሰይድን አየሁት፤ ይቆጣ ይሆን ብዬ። እሱ ካቻቢቴውን አውጥቶ አሳየው።

«ስማኝ፣ ታደሰ። ከተማው ሁሉ ጨለማ ስለሆነ ዛሬ ምስክሬን የማስምልበት ሕያው ሽቦ የለኝም። ብትዋሸኝ አላውቅባትም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ነው።»

የወፍጮው ማብሪያ ግድግዳ ላይ ያለ የብረት ሣጥን ነው፤ ከጎኑ እጀታ አለው። ወደ ላይ ስትለው ወፍጮው ይነሣል፣ ወደ ታች ይተኛል። ሰይድ እጀታውን ወደ ታች ጎተተና ከቦርሳው ጓጉንቸር ቁልፍ አውጥቶ፣ የእህል ጎተራ እንደሚቆልፍ ሰው ቀጭ አደረገበት። መክፈቻውን ቀኝ ኪሱ ከተተው። ቁልፉን ሁለቴ ጎትቶ አየው፤ ያኔ ግራ እጁን አወጣ። ከዚያ በርጩማ አንሥቶ ሣጥኑ ሥር አስቀመጠና ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ ዘነቡ፣ አንቱ እዚህ ይቀመጡልኝ።»

«ለምን? ቁልፍ አለው አይደል?»

«ቁልፍ አለው። ቁልፍ ግን አይናገርም። አንቱ ይናገራሉ።»

ይህ ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየሁትም። ምርኩዜን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ጀርባዬን ለሣጥኑ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሰይድ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ፈትቶ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ሆዱ ውስጥ ሰደደ።

ጥቂት ቆየ። ሴቶቹ ወሬ ጀመሩ፤ ታደሰ ከግቢው ማዶ ጆንያ ያዘዋውራል። ድንገት ከሰፈሩ ሁሉ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሲመጣ ምን እንደምንሆን። ሙሽራ የመጣ ይመስል። ከሰልፉ «መጣ! ታደሰ፣ አስነሣው! ታደሰ!» እያሉ ጮኹ። ታደሰም ጆንያውን ጥሎ ሮጠ። እሱ ክፉ አይደለም፣ ልጄን የሰጠሁት ሰው ነው፤ ልማድ ነው። ስንት ዘመን «መጣ» ሲባል እጁ ወደዚያ እጀታ የሄደ ሰው፣ እጁ ቀደመው። ሞተሩ ውስጥ ሰው እንዳለ እግሩም አላሰበም፣ ራሱም አላሰበም።

ራሴ ላይ ተንጠራርቶ እጀታውን ያዘ። ወደ ላይ ገፋው። ቁልፉ ቂው አለ፤ አልተነሣም። ደግሞ ሊገፋ ሲል በምርኩዜ የእጁ አንጓ ላይ አወረድኩበት።

«ሰው አለ! አንተ፣ ሰው አለ!»

ታደሰ እጁን ይዞ ቆመ። ፊቱ ከዱቄቱ የበለጠ ነጣ። ያኔ ከውስጥ፣ ከሞተሩ ሆድ፣ የሰይድ ድምፅ መጣ።

«እትዬ! እንግዳ መጣ እንዴ?»

«መጣ!» አልኩ። «ሳያንኳኳ!»

«ምን አደረጉት?»

«አላስገባሁትም!»

ማንም አልሳቀም። «አስነሣው» ብላ የጮኸችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ታደሰ ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና አየው። ነገር ሊለው ይችል ነበር፤ ያ ስድብ ገና ታደሰ አፍ ላይ አልደረቀም። ሄዶ ትከሻውን ያዘና «አብሽር» አለው። ይኸው ነው ያለው። ከዚያ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ካቻቢቴውን ከሣጥኑ በላይ ያለው ሽቦ ላይ አስነካት፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። እህሏ ቦግ ብላ በራች።

ወደ እኔ ዞሮ «ፈሪ መሆን እንዲህ ነው የሚጠቅመው» አለኝ። ድምፁ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ሰምቼዋለሁ።

ታደሰ በማግስቱ የራሱን ጓጉንቸር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ፈሪ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሰይድ ሲታመም ወደ አገሩ ወደ ከላላ ገባ፤ እዚያው ሞተ። እኔና ታደሰ መኪና ተሳፍረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ቃሌን አላምጣለሁ። ባልለውስ? ሰይድ አይሰማ። ማርያም ግን ትሰማለች። ደግሞ ብለውስ፣ ልጆቹ ምን ይሉኛል? ከመካነ ሰላም ድረስ ተሳፍራ መጥታ አባታችንን የሰደበች አሮጊት!

ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል፤ ወንዶቹ በዚያ፣ ሴቶቹ በዚህ። ሚስቱ ፋጡማ መሐል ተቀምጣለች። «ሶብሩን ይስጣችሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። ልቤ ይመታል፤ በሁለት እጄ መሐል የት ጋ እንዳለች አሁን አውቃለሁ። ከዚያ ምርኩዜን ተደግፌ ተነሣሁ።

«እኔ ዘነቡ እባላለሁ» አልኩ። «የመጣሁት ቃል ስላለብኝ ነው። ፈሪው ሰይድ ሞተ።»

አንድ ሽማግሌ «እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አሉ። ከሰይድ ልጆች አንዱ ከወንዶቹ መሐል ተነሣ። ያኔ ፋጡማ ድንገት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«መጡ? እርስዎ ነዎት?» አለች። «ዘነቡ የምትባል ሴትዮ መጥታ ትሰድበኛለች፣ እንዳትቆጪ፣ አሚን በሉ ብሎኝ ነበር። አይመጡም ብዬ ሰግቼ ነበር!»

«ፈሪው ሰይድ አልጋው ላይ ሞተ» አልኩ፣ አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የናቱ ምርቃት ደረሰ።»

«አሚን» አለች ፋጡማ። ከወንዶቹ በኩል ታደሰ ተነሥቶ ቆሟል። «እኔ ምስክር ነኝ» አለና ተቀመጠ። ልጁም ተቀመጠ። ሽማግሌው «አሚን» አሉ፣ ድንኳኑም ተከተላቸው።

ፋጡማ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ጆሮዬ ሥር ስለ መጨረሻው ቀን አወራችኝ። ታሞ እንኳ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አያወጣም ነበር። ውኃ ስትሰጠው በቀኙ ብቻ ይቀበላል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ በቀኙ ብቻ ይጨብጣል። «ያን ዕለት ጠዋት ግን» አለችኝ፣ «ጣሪያውን ሲያይ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ከንፈሩ አሰላሙ አለይኩም ሲል ሰማሁት። ማንም አልገባም ነበር። ቀስ ብሎ ግራ እጁን አወጣና በሁለት እጁ እጄን ያዘኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፣ እትዬ።»

እኔስ ገብቶኛል። ነገርኳት። እጁን ካወጣ አረጋግጧል ማለት ነው፤ የሚሄድበት አያሰጋም ማለት ነው።

እኔ ግን ገና ነኝ። ማብሪያ ለመንካት ስነሣ ግራ እጄን እደብቃለሁ። ቀሚሴ ኪስ ስለሌለው መቀነቴ ውስጥ ነው የምወሽቃት። የልጅ ልጄ ሳቋን አትችልም፤ «አያቴ፣ መቀነትሽ ውስጥ ምን አለ?» ትለኛለች።

«ልቤ» እላታለሁ።